አውጫጪኙን የቀዳሁ ዕለት

በዚያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ። እጄ ዘገምተኛ ነው። ተናጋሪው ሦስተኛ ሐሳብ ላይ ሲደርስ እኔ የመጀመሪያውን አራት ነጥብ ገና አላስቀመጥሁም። ስለዚህ ያችን የቻይና ስማርት ስልክ የገዛሁት እንደ ጓደኞቼ ፎቶ ልለጥፍባት አልነበረም። ስብሰባ ሲጀመር ድምፅ መቅጃዋን ከፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬን ዘግቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ እያስቆምሁ እጽፋለሁ። አለቃዬ "ሙሉቀንን ቃል አያመልጠውም" እያለ በሰው ፊት ያሞግሰኝ ነበር።

አንድ ቀን ከስብሰባ መሐል ለአምስት ደቂቃ ስወጣ ስልኳ እየቀዳች ቀረች። ከሰዓት በኋላ ሳዳምጥ እኔ በሌለሁበት የተባለው ሁሉ አለ። "ይኸ ልጅ ግን ጆሮ ጠቢ አይመስላችሁም?" አለች ጧት ጧት ዳቦዋን ቆርሳ የምታካፍለኝ ባልደረባዬ። "ዝምተኛ ሰው ምን ይታመናል" አለ ሌላው። አለቃዬ ሳቀ። ያንገበገበኝ የእሱ ሳቅ ነው።

ጆሮ ጠቢ አልነበርሁም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሆንሁ። እያወቅሁ ስልኳን ትቼ መውጣት ጀመርሁ። ባለ ሻይ ቤቱ፣ አከራዬ፣ የልብ ጓደኛዬ ሳይቀሩ ተቀዱ። ፊት ለፊት የሚስቅልኝን ሰው ሁሉ "ዞር ስል ምን ይል ይሆን?" እያልሁ ማየት ልማዴ ሆነ። እንግዲህ የማጫውታችሁ ነገር ሲደርስብኝ እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ።

የተወለድሁበት ቀዬ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተሄደ በኋላ በእግር የሚገባበት ነው። እናትና አባታችን በልጅነቴ ስላረፉ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ አስማረ ነው። እሱ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ሞፈር ጨበጠ፤ እኔ ኮሌጅ ገባሁ። አያ አስማረ ቁጡ ነው፣ አፉም አይመለስም፤ ግን ከተቆጣ በኋላ መልሶ የሚጸጸተውም እሱ ነው።

በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ የእትዬ የሻረግ የጤፍ ክምር ተቃጠለ። እትዬ የሻረግ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ሳይወቃ አውድማቸው ዳር የቆመው ክምር የዓመት ቀለባቸው ነበር፤ ሰው ውኃ ይዞ እስኪደርስ ዐመድ ሆነ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከብቶቻቸው የወንድሜን ሽምብራ ገብተው በልተውበት፣ በገበያ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ "ሽምብራዬን እንዳስበላሽ ክምርሽን እሳት ይብላው!" ብሏቸው ነበር።

ወሬው ቢቸና የደረሰኝ በማግሥቱ ነው። እሑድ አውጫጪኝ እንደተጠራም አብሮ ተነገረኝ፤ በቀዬው መሬት ያለው ወንድ ሁሉ እንዳይቀር ተብሏል፤ እኔም በውርስ የደረሰችኝ ቁራሽ አለችኝ። አውጫጪኝን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ጥፋት ደርሶ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር ቀዬው ሁሉ ይሰበሰባል። ሦስት ሽማግሌዎች ከሰው ጆሮ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን እየቀረበ ይምላል፤ ያየው፣ የሰማው፣ የጠረጠረው ካለ በሹክሹክታ ይናገራል፤ ከሌለውም "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብሎ ይመለሳል። ሁሉም ስለሚቀርብ የተናገረው ማን እንደሆነ አይለይም። ያ ተናጋሪ ወፍ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ወፏን ላያወጡ ምለዋል፤ ወፍ ከወጣች ደም ይፈሳልና።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀዬው ደረስሁ። የወንድሜ ሚስት ትርንጎ በር ላይ ተቀበለችኝ።

"እንኳን መጣህ ሙሌ" አለችኝ። "ሰዉ ሁሉ በዐይኑ ሊበላን ነው። ደግነቱ ሐሙስ ለት አንተ ዘንድ ቢቸና ውሎ ነው እንጂ፣ እዚህ ቢሆን ኖሮ ጉዳችን ነበር።"

"ሐሙስ?"

"አዎ፤ ጧት ወጥቶ ማታ አይደል የተመለሰ?"

"እ… አዎ" አልኋት።

ሐሙስ ዕለት ወንድሜን በዐይኔ አላየሁትም።

እሑድ ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከሰው ኋላ እስክንቀር ጠበቅሁና "አያ፣ ሐሙስ ለት እኮ…" ብዬ ጀመርሁ። ቆም አለ። ፊቱን ወደኔ ሳያዞር "ሐሙስን ተዋት፤ የራሴ ጉዳይ ናት" አለኝና እርምጃውን ቀጠለ።

ንጹሕ ሰው የዋለበትን ለወንድሙ ለምን ይደብቃል? እኔ በሌለሁበት ሲሙኝ የነበሩትን ሰዎች ሁሉ ድምፅ በጆሮዬ ይዤ የምዞር ሰው፣ ከዚህ ሌላ ምን ላስብ? ያቃጠለው እሱ ነው ብዬ በልቤ ፈረድሁ። ከፈረድሁ በኋላ ደግሞ ለእሱ መፍራት ጀመርሁ። አንድ ሰው ሲመለስ ሳያየው አይቀርም፤ ያ ሰው ዛሬ ወፍ ይሆናል። ማን ይሆን? ማወቅ አለብኝ አልሁ። የስልኬን ሲም ካርድ አውጥቼ በወረቀት ጠቀለልሁ፤ ስልክ ተደውሎ እንዳታጋልጠኝ። ከዚያ ድምፅ መቅጃዋን ከፍቼ በጃኬቴ የደረት ኪስ ከተትኋት።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ዋናው ሽማግሌ አያ ፈንታ ናቸው፤ በቀኛቸው ቄስ መርሻ፣ በግራቸው አንድ ሌላ አዛውንት። የታኅሣሥ ጧት ነው፤ ጥላው ሥር ይበርዳል። አያ ፈንታ በስስ ነጠላ ሲንቀጠቀጡ አይቼ ቀረብሁና ጃኬቴን አወለቅሁ።

"ይደርቡት አባቴ፤ እኔ ፀሐይ ላይ ነኝ" አልኋቸው።

"ተባረክ ልጄ። የተማረ ልጅ እንዲህ ነው" ብለው ጫንቃቸው ላይ ጣል አደረጉት።

ምርቃቱን ተቀበልሁ። ምን ላድርግ?

ሰዉ አጥሩ ዳር ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ተራውን ጠበቀ። ወንድሜ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየ፤ ሲመለስ ዐይኖቹ ቀልተዋል። እኔም ያንን አስተዋልሁ፤ እንደ ማስረጃ ያዝሁት። ጎረቤቱ ውዱ ቀረበ፣ ተመለሰ። ውዱና ወንድሜ በድንበር የተነሳ ሰላምታ እንኳ የላቸውም፤ ስለዚህ ወፏ ውዱ ትሆናለች ብዬ ደምድሜ ነበር። በመጨረሻ የእኔ ተራ ደረሰ። ማልሁ፤ ወንድሜን ያድንልኛል ብዬ ያሰብሁትን ተናግሬ ተመለስሁ።

ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ አያ ፈንታ ጃኬቴን እንደደረቡ ተነሥተው ወደ ሰዉ መጡ።

"ወፍ ነግራናለች" አሉ። "አስማረ፣ ያንተን ስም ነው የጠራችው። እስከ መጪው እሑድ ጊዜ ሰጥተንሃል። አምነህ የእትዬ የሻረግን ክምር ተካ፣ ይቅርታም ጠይቅ። እምቢ ካልህ ከዚህ ቀዬ እሳት የሚያጭርህ፣ ሬሳ የሚቀብርልህ የለም።"

ወንድሜ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየ። ዐይኑ ውዱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጃኬቴን ከአያ ፈንታ ተቀብዬ ተከትዬው ስሮጥ ቤት ገብቶ ጠመንጃውን ከግድግዳ ሲያወርድ ደረስሁ። ትርንጎ እግሩ ላይ ወድቃ ታለቅሳለች።

"ውዱ ነው" አለኝ። "ሐሙስ ወደ ማታ ከመኪና መንገድ ስመጣ ያየኝ እሱ ብቻ ነው። ድንበሬን ገፋ፣ ቻልሁት። ስሜን ሲያቃጥል ግን አልችልም!"

"አያ፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ" አልሁት። "ወፏን አጣርቼ ልምጣ።"

"በምን ታጣራለህ?"

"አንድ ሰዓት ብቻ ስጠኝ።"

መልስ ሳልጠብቅ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ገባሁ። ስልኳን ሳያት ባትሪዋ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቷታል፤ በቀዬው መብራት የለም። ተቀምጬ ማዳመጫውን ሰካሁ። መጀመሪያ የጨርቅ መንኮሻኮሽና የአያ ፈንታ ሳል ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሹክሹክታ መጣ፤ ከጠበቅሁት በላይ ጥርት ያለ።

"አላየሁም፣ አልሰማሁም።" "አላየሁም።" እያሳለፍሁ ሄድሁ። አንዱ "እሳቱን አላየሁም፤ ግን ከማልሁ አይቀር፣ ያችን አምና የጠፋችውን የቄሱን ዶሮ የበላኋት እኔ ነኝ" አለ። ቄስ መርሻ "ቄሱ እኮ እዚሁ ነው ያለሁት፤ እሷን በኋላ እንነጋገራለን" አሉት። በሌላ ቀን ቢሆን ከሣቄ የተነሣ እወድቅ ነበር።

የውዱ ድምፅ ሲመጣ ጆሮዬን በእጄ ይዤ አዳመጥሁ።

"ከአስማረ ጋር በድንበር ስንካሰስ አምስት ዓመታችን ነው" አለ ውዱ። "ጠላቴ ነው። ግን አውቀዋለሁ። ቢከፋው ቀን በቀን፣ ፊት ለፊት ነው የሚመጣብኝ። የመበለት ክምር የሚያቃጥል ልብ የለውም። ይኸንን ማልሁበት።"

ደግሜ ሰማሁት። ውዱ ነው፤ ሌላ አይደለም። ወፏ እሱ ካልሆነ ታዲያ ማን ናት? ወደ ኋላ መልሼ የወንድሜን ድምፅ ፈለግሁ። ባገኘሁት ጊዜ የት ዋልህ እያሉት ነበር።

"ሞጣ ነበርሁ አባቶቼ" አለ።

"ምን ልትሠራ?"

የአያ ፈንታ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ወንድሜ ሲያለቅስ ሰማሁ። በዕድሜዬ ሲያለቅስ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

"ሐኪም ዘንድ። ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆነን፤ ልጅ የለንም። ሰዉ የሚያማው ትርንጎን ነው። እሷ በየጠበሉ ትንከራተታለች። ሐኪሙ መርምሮ ጉድለቱ ከኔ ነው አለኝ። ወረቀቱንም ቀድጄ መንገድ ላይ ጣልሁት። ሚስቴም አታውቅ፣ ወንድሜም አያውቅ። አንድ ቀን እኔው እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ግን እዚህ ይቅርልኝ።"

"እዚህ ይቀራል" አሉት አያ ፈንታ። "ቀና በል። አምነንሃል፤ ሂድ።"

አምነንሃል ነው ያሉት። እንግዲያ ወንድሜ ሲመለስ ዐይኑ የቀላው ለዚህ ነው። ባሕር ዛፉ ሥር አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ። ግን አምነውት ከነበረ ማን አሳታቸው? ባትሪዋ እየወረደ ነው። ወደ መጨረሻው አሳለፍሁ፤ የእኔ ድምፅ መጣ። የራሴን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ መስማት ደስ አይልም።

"ሙሉቀን፣ አንተ የቢቸና ሰው ነህ፤ ምን ታውቃለህ ብለን አናደክምህም" ይላሉ አያ ፈንታ። "አላየሁም በልና ሂድ።"

"አላየሁም። ግን ስለ ወንድሜ አንድ ነገር ልናገር" ይላል የእኔ ድምፅ። "ሐሙስ ዕለት ከጧት ጀምሮ ቢቸና ከእኔ ጋር ነው የዋለው። ምሳም አብረን በላን።"



"እርግጠኛ ነህ ልጄ?" ይላሉ ቄስ መርሻ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። "ሐሙስ?"

"ሐሙስ። ማልሁበት።"

ቀጥሎ እኔ ስሄድ የእግሬ ኮቴ ይሰማል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ቀሩ።

"ምን ጉድ ነው?" አሉ ቄሱ። "እሱ ሞጣ ነበርሁ ይላል፣ ወንድሙ ቢቸና ነበር ይላል።"

"ንጹሕ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ቦታ አይውልም" አለ ሦስተኛው አዛውንት። "አለቀሰና ልባችንን አራራው እንጂ፣ ወረቀት እንኳ የለው። ይኸ ልጅም የሚዋሽለት የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።"

አያ ፈንታ የሚቀጥለውን ቃል ሲናገሩ አፋቸው ከኪሴ አጠገብ ነበር።

"የእናት ልጅ ከነገረን ከዚህ ወዲያ ምን ወፍ እንጠብቃለን?"

ወፏ እኔ ነበርሁ።

ምን ያህል እንደተቀመጥሁ አላውቅም። ከተቀመጥሁበት ያነሣኝ የትርንጎ ጩኸት ነው፤ "ሄደ! ሙሌ፣ ሄደልህ!" ትላለች። የለመንሁት ሰዓት አልፎ ነበር። ጫማዬ ከእግሬ እየወለቀ በእርሻው መሐል ሮጥሁ። ውዱ፣ ከዚያ ቃጠሎ ወዲህ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ የራሱን ክምር እየጠበቀ አውድማው ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ ከድንበሩ ካብ ማዶ ቆሞ፣ ጠመንጃውን ይዞ፣ "ተነሥ! ቁጭ ብለህ አትሙት!" እያለ ይጮህበታል። ውዱ ተነሣ፤ ባዶ እጁን ነው።

መሐላቸው ገብቼ ቆምሁ።

"ዞር በል ሙሌ!"

"ወፏ እኔ ነኝ" አልሁ።

"ወንድሜ አብዷል" አለ አስማረ፤ ለውዱ የሚናገር ይመስል ነበር። "ዞር በል።"

ማዳመጫውን ነቅዬ ስልኳን ከፍ አድርጌ ያዝኋት። የእኔው ድምፅ በዚያ አውድማ ላይ ወጣ፦ "ሐሙስ ዕለት ከጧት ጀምሮ ቢቸና ከእኔ ጋር ነው የዋለው።" ሽማግሌዎቹ ሞጣን ከመጥራታቸው በፊት አስቆምኋት። ውዱ ቆሞ ነበራ።

ወንድሜ ስልኳን አየ፣ እኔን አየ። የጠመንጃው አፈ ሙዝ ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ።

"እዚያ ወይራ ሥር ነው ይኸ?"

"በጃኬቴ ኪስ ነበረች።"

"እንግዲያ የሁሉንም ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውዱ እንዳይሰማው፣ "የኔንም?" አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ያን ዕለት ግን ውሸት ምን እንዳመጣ ገና አሁን ሰምቼ መምጣቴ ነው።

"ያንተንም" አልሁት።

ካቡ ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ከጎኑ አጋደመው።

"ለምን ቢቸና ነበር አልሃቸው?"

"ላድንህ ብዬ።"

"ከምን?"

ወደ ስልኳ አቀረቀርሁ። እሱ ግን አልለቀቀኝም፤ "ከምን ልታድነኝ? እኔ ነኝ ያቃጠልሁት ብለህ ነው?"

"አዎ" አልሁ።

ወንድሜ ወደ ውዱ ቀና ብሎ "አንተስ ምን አልህ?" ብሎ ጠየቀው።

"የመበለት ክምር አያቃጥልም አልሁ" አለ ውዱ። "ድንበሬን ግን ትመልሳለህ።"

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። "ጠላቴ አልጠረጠረኝም" አለኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ እንደው የገረመው ሰው ነው የሚመስለው። "ያሳደግሁህ አንተ ጠረጠርኸኝ።"

ስልኳ እዚያው እጄ ላይ ጠፋች።

በዚያው ምሽት አያ ፈንታ ቤት ሄጄ የሐሰት መሐላዬንም ቀረጻውንም ነገርኋቸው። የደረቡትን ጃኬት ለብሼ ነው ፊታቸው የቆምሁት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "አባቴም አያቴም እዚያ ወይራ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንድ ቃል ወጥቶባቸው አያውቅም" አሉኝ። "በእኔ ጫንቃ ላይ ወጣ።" ከዚያ የወንድሜን ነገር የሚያጸና ወረቀት ከሞጣ እንድናመጣ ጠየቁኝ።

ሰኞ ከወንድሜ ጋር ሞጣ ሄድን። ክሊኒኩ መዝገብ ላይ ስሙ በሐሙስ ቀን ተጽፎ ተገኘ። መዝጋቢዋ ምን እንደታከመ ሳትጠቅስ፣ በዚያ ዕለት ቀርቦ መታየቱን ብቻ ጽፋ ማኅተም አደረገችበት። ወንድሜ ወረቀቱን ለእኔ አልሰጠኝም፤ አጣጥፎ በራሱ ኪስ ከተተው።

በእሑዱ ጉባኤ ሰው ፊት ቆሜ "በሐሰት የማልሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ቢቸና አልነበረም" አልሁ። "ታዲያ የት ነበር?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አያ ፈንታ "እሱን እኛ እናውቃለን፤ ይበቃል" ብለው ዘጉት። እትዬ የሻረግ ተነሥተው "እኔስ? ክምሬን ማን በላው?" ብለው አለቀሱ። እስከ ዛሬም አልታወቀም። እያንዳንዱ ቤት ከክምሩ ነዶ እያወጣ ይሰጣቸው ተባለና፣ መጀመሪያ ተሸክሞ የወሰደው ወንድሜ ነበር።

የኔ ነገር ግን በዚህ አላበቃም። አውጫጪኙን መቅዳቴንም ተናግሬ፣ ስልኳን በሰው ፊት ከፍቼ ቀረጻውን አጠፋሁት። አያችሁ፣ ጠፋ አልሁ። ማን ይመነኝ? "ጠፋ ያልኸው የት ይሄዳል?" አለኝ አንድ ገበሬ። በዚያ ሳምንት ሰዎች አንድ በአንድ ለብቻዬ እየያዙ "የኔን ሰምተኸዋል?" ይሉኝ ነበር። አልሰማሁም ስላቸው የበለጠ ይፈራሉ። ዶሮ የበላው ሰውዬ እንኳ መንገድ ላይ ሲያየኝ ዞሮ ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ በቀዬው በሬ ጠፋና አውጫጪኝ ተጠራ። ሁሉም ቀርቦ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብቻ አለ። ሽማግሌዎቹ እስከ ማታ ጠብቀው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ያ ወይራ ሥር የተቀመጠ የለም።

ስልኩን አትውቀሱ። ስልክ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማን የለውም፣ አንድ ነገር ግን ስሙኝ። እኔ ሰው ከጀርባዬ የሚለውን ስሰማ እውነቱን ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር። በሰባት ዓመት ሐዘኑ ውስጥ ወንድሜ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ዐይኔን ቀና ማድረግ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሐሙስ የት እንደዋለ በመጠርጠር ፈንታ "ምን ሆነሃል?" ብዬ ብጠይቀው ይነግረኝ ይሆናል። አልጠየቅሁትም፤ ቀዳሁት።

ከወንድሜ ጋር አልተጣላንም። በዓል ሲሆን እጠራለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ከፊቱ እቆርሳለሁ። ለትርንጎም ራሱ ነገራት፤ ጠበል መንከራተቷን ተወች። አምና "ናማ፣ የምነግርህ ነገር አለኝ" ብሎ አስጠራኝ። ስደርስ እርሻው መሐል ይዞኝ ገባ። ልቡ የከበደበት ነገር እንዳለ ከፊቱ አየሁት፤ በዚህ ጊዜ አየሁት። ብዙ ቆመ። ከዚያ ዝናቡ እንዴት እንደዘገየ አወራኝ፤ ስለ ዘሩም አወራኝ፤ ወደ ቤት መለሰኝ።

በር ላይ ስንደርስ አልቻልሁም። ኪሶቼን ሁሉ ገልብጬ አሳየሁትና "አያ፣ ስልኬን ቢቸና ትቻት ነው የመጣሁት" አልሁት።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ስልኩን መች ፈራሁ" አለኝና ገባ።